የመኪና መብራት ውስጥ ጤዛ ሲገባ፦ ምክንያቱ፣ ምርመራውና በቤት የሚሠራ ጥገና

ካርቱም የኖረ ሰው ሱዳኖች «ኸሪፍ» የሚሉትን ክረምት ያውቀዋል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ዝናቡ እንደ አገር ቤት ክረምት የዘወትር አይደለም፤ ሲመጣ ግን በአንድ ጊዜ ይወርድና መንገዱ ኩሬ ይሆናል። በማግስቱ ጠዋት መኪናውን ወይም ራክሻውን ሊያስነሣ የወጣ ሹፌር የፊት መብራቱ በጉም ተሸፍኖ ያገኘዋል። በጨርቅ ይወለውለዋል፣ አይለቅም። ጉሙ ያለው ከውስጥ ነውና።

ብዙ ሰው «ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል» ብሎ ይተወዋል። አንዳንዴ እውነት ነው፣ ይደርቃል። አንዳንዴ ግን ጉሙ የትልቅ ችግር ምልክት ነው። ውሃው ውስጡን ያዝጋል፣ ብርማውን ቀለም ይልጣል፣ አምፖሉን ያቃጥላል፣ በመጨረሻም ሙሉ መብራቱን ያስቀይራል። ከካርቱም በወድ መደኒ፣ በገዳሪፍ አድርጎ ወደ ገላባትና መተማ በሚወርደው መንገድ በሌሊት የተጓዘ ሰው የመብራት ነገር ቀልድ እንዳልሆነ ይገባዋል። የአህያ ጋሪ፣ ከብት፣ የኋላ መብራት የሌለው የቆመ ጭነት መኪና በድንገት ነው ፊትህ የሚመጣው። በተከራየው መኪና ለሚሠራ ስደተኛ ሹፌር ደግሞ ደካማ መብራት ከትራፊክ ፖሊስ ጋር የሚያጨቃጭቅ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ይህን ጽሑፍ በዚህ ጊዜ ያዘጋጀነው በሌላም ምክንያት ነው። ጦርነቱ በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (ኤፕሪል 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.) ካርቱም ላይ ሲጀመር ብዙ መኪና ባለበት ቆሞ ቀረ። የሱዳን ጦር ቤተ መንግሥቱን መልሶ የያዘው መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በመሐል ሁለት ኸሪፍና ሁለት በጋ አልፏል። ከዘረፋና ከጥይት የተረፈ መኪና ቢገኝ እንኳ ጎሚኒው ደርቆ፣ መተንፈሻው በአቧራ ተደፍኖ ነው የሚገኘው። እንዲህ ያለ መኪና የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው መብራቱ ውስጥ ውሃ ይገባል። በጋራዥ፣ በላቫጆ ወይም በራክሻ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ወይም ካምፕ ውስጥ ሆናችሁ የእጅ ሙያ የምትፈልጉ ወገኖች ይህን ጥገና በጥቂት ዕቃ መሥራት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ፦ ጤዛ ነው ወይስ ውሃ?

ከሁሉ በፊት ይህን መለየት ያስፈልጋል። ሁለቱ በሽታዎች መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

ጤዛ ማለት እንደ ትንፋሽ ያለ ቀጭን ጉም ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው በሽፋኑ አንድ ጥግ ወይም በታችኛው ክፍል ላይ ነው። መብራቱን አብርታችሁ ለግማሽ ሰዓት ያህል ብትነዱ ወይም ፀሐይ ቢያገኘው ይጠፋል። ይህ በአዲስ መኪና ላይም ይታያል፤ የመኪና አምራቾችም ቶሎ የሚጠፋ ቀጭን ጉምን እንደ ብልሽት አይቆጥሩትም።

ውሃ ማለት ደግሞ ጠብታው ተለይቶ የሚታይ፣ በሽፋኑ ላይ የሚንጠባጠብ ወይም ከታች የተጠራቀመ ነው። መኪናው ሲነቃነቅ ውሃው ሲናጥ ይታያል። ቀኑን ሙሉ ቢነዱም አይደርቅም። ይህ ፍሳሽ አለ ማለት ነው፤ ሳይጠገን አይቆምም።

ለምን እንዲህ በእርግጠኝነት እንናገራለን? ሒሳቡ ቀላል ነው። 30 ዲግሪ ሙቀት ያለው፣ በእርጥበት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚይዘው ውሃ 30 ግራም ገደማ ነው። ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ መያዝ የሚችለው 17 ግራም ብቻ ይሆናል፤ የቀረው ወደ ጤዛ ይለወጣል። አንድ የፊት መብራት ውስጡ 5 ሊትር ያህል አየር ይይዛል እንበል። ከዚያ አየር በዚህ መንገድ የሚወጣው ውሃ ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ቢሆን ነው። እንግዲህ መብራታችሁ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ካያችሁ አየሩ ያመጣው አይደለም። በሆነ ቀዳዳ የገባ ነው። ስለዚህ ማድረቅ ብቻውን ጥገና አይባልም፤ መጀመሪያ የገባበትን በር ማግኘት ይቀድማል።

መብራት እንዴት ይተነፍሳል?

ብዙ ሰው መብራት ሙሉ በሙሉ የታሸገ ዕቃ ይመስለዋል። አይደለም። የዛሬ መብራቶች ሆን ተብሎ የተሠራ መተንፈሻ አላቸው። ምክንያቱም አምፖሉ ሲበራ ውስጡ ያለው አየር ይሞቅና ይለጠጣል፤ ሲጠፋ ይቀዘቅዝና ይኮማተራል። የውስጡ አየር ከ27 ወደ 57 ዲግሪ ቢሞቅ በ10 በመቶ ይለጠጣል። ባለ 5 ሊትር መብራት ከሆነ ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ አየር ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ያንኑ ያህል መልሶ ይስባል።

አሁን ይህን አስቡት፤ መብራቱ ሞቆ እያለ ዝናብ ይመታዋል ወይም ላቫጆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል። ውስጡ በድንገት ይቀዘቅዝና መሳብ ይጀምራል። መተንፈሻው ክፍት ከሆነ አየር ይስባል። መተንፈሻው በአቧራ ከተደፈነ ግን በተገኘው ስንጥቅ በኩል ይስባል፤ ስንጥቁ ላይ ያለው ደግሞ ውሃ ነው። መብራቱ ውሃውን እንደ መርፌ ይመጠዋል ማለት ነው።

መተንፈሻው ብዙ ጊዜ ከመብራቱ ጀርባ የሚገኝ ሲሆን ሦስት ዓይነት መልክ አለው። አንደኛው እንደ ክርን የታጠፈች አጭር የጎማ ቱቦ ናት። ሁለተኛው ስፖንጅ የተሞላ ትንሽ ቀዳዳ ነው። ሦስተኛው አየር አሳልፎ ውሃ የሚከለክል ስስ ጨርቅ የመሰለ ተለጣፊ ነው። መብራታችሁ የትኛው እንዳለው አስቀድማችሁ እዩ፤ ኋላ በስሕተት እንዳትደፍኑት።

ካርቱም ላይ ችግሩ ለምን ይበዛል?

ሦስት ነገር ይገናኛል። አንደኛ ሙቀቱ ነው። በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆነው ሙቀትና የጠራራው ፀሐይ ጎሚኒውን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፤ የፕላስቲኩን ሽፋንም ቢጫ ያደርገዋል። ሁለተኛ ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ነው። እንደ ዱቄት የላመው አቧራ መተንፈሻውን ይደፍነዋል። ሦስተኛ ኸሪፉ ነው፤ አየሩ በድንገት ይረጥባል፣ መንገዱ በውሃ ይሞላል፣ ጎማ የሚረጨው ጭቃ ከታች ወደ ላይ መብራቱን ይመታል።

በዚህ ላይ የሰው እጅ ይጨመራል። ውሃ የሚገባበት በጣም የተለመደው መንገድ ስንጥቅ ሳይሆን አምፖል ሲቀየር በደንብ ያልተገጠመ የኋላ ክዳን ነው። አምፖሉ ይቀየራል፣ የጎማው ክዳን በግማሽ ይገጠማል ወይም ጭራሽ ይረሳል። ሌላው የኤልኢዲ አምፖል ጣጣ ነው። ብዙ ሰው የድሮውን ሃሎጂን አውጥቶ ባለ ፋን ኤልኢዲ ያስገባል። ፋኑ ከኋላ ስለሚወጣ ክዳኑ አልዘጋ ይላል፤ ያኔ ክዳኑን በምላጭ ይቆርጡታል ወይም ይተዉታል። በዚያ ላይ ኤልኢዲ ወደ ፊት የሚለቀው ሙቀት ትንሽ ነው። ሃሎጂን በሙቀቱ ያደርቀው የነበረውን ጉም ኤልኢዲ አያደርቀውም። «ኤልኢዲ ካስገባሁ ወዲህ መብራቴ ይጎማል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ክዳኑን ፈትሹ።

የሚያስፈልግ ዕቃ

ካቻቢቴ (ባለ መስቀልና ጠፍጣፋ)፣ የ10 መፍቻ፣ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሶፍት፣ የሳሙና አረፋ፣ የእጅ ባትሪ፣ ማርከር ወይም ጠመኔ። ለመለጠፍ ለመኪና የሚሆን ሲልከን። ለማድረቅ ፀሐይ፤ ከተገኘ ደግሞ የፀጉር ማድረቂያ። በጫማ ካርቶን ወይም በመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ካገኛችሁ አትጣሏት፣ ታገለግላለች።

ስለ ሲልከን አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢስቢራት ሱቅ ውስጥ ርካሹ ሲልከን ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ያ ሽታ አሲድ ነው። በተዘጋ መብራት ውስጥ ሲተን የአምፖሉን መያዣና ብርማውን ንጣፍ ሊበላው ይችላል። ኮምጣጤ የማይሸተውን ምረጡ። አምፖሉ አጠገብ ለሚሆን ቦታ ደግሞ ሙቀት የሚችለውን ጠይቁ።

ምርመራ፦ ውሃው በየት ገባ?

1. መብራቱን አጥፉ፣ ለግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። የሃሎጂን አምፖል ሲበራ መስታወቱ በመቶዎች ዲግሪ ይሞቃል፤ እጅ ያቃጥላል። ኮፈኑን ክፈቱና የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ንቀሉ።

2. ከኋላ ተመልከቱ። ክዳኑ በቦታው አለ? ጎሚኒው ተሰንጥቋል? አምፖሉ የሚቀመጥበት ቀለበት ላልቷል? ሽቦው የሚገባበት ጎማ ተቀዷል? ስንጥቅ ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን ጨርሱ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

3. መተንፈሻውን ፈልጉ። ቱቦዋን ንቀሉና በብርሃን እዩዋት። አቧራ ከሞላት በውሃ እጠቡ፣ አድርቁ፣ መልሱ። ስፖንጅ ከሆነ አውጡት፣ በሳሙና እጠቡት፣ በደንብ ጨምቁት፣ ሲደርቅ መልሱት። ተለጣፊ ጨርቅ ከሆነ ግን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ጥረጉት። የጋራዥ ኮምፕሬሰር አትልቀቁበት፣ ይቀደዳል።

4. ሽፋኑንና የሽፋኑን ዳር በእጅ ባትሪ መርምሩ። የጠጠር ምት፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ፣ ሽፋኑና የኋላው ፕላስቲክ በሚገናኙበት ቦታ የተላጠ ማጣበቂያ ፈልጉ። የመብራቱ ማሰሪያ ጆሮ ተሰብሮ ከሆነም እዩ፤ መብራቱ ሲንቀጠቀጥ መጋጠሚያው ይላቀቃል።

5. ምንም ካላገኛችሁ የአረፋ ሙከራ አድርጉ። መብራቱን ፈትታችሁ አውጡ። የሳሙና አረፋ በመጋጠሚያው ዙሪያ ቀቡ። ሌሎቹን ቀዳዳዎች በጨርቅ ወይም በእጅ ይዛችሁ በመተንፈሻው ቱቦ በኩል በአፍ ቀስ ብላችሁ ንፉ። አረፋው የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ነው። ይህ ሙከራ አንድ ኩባያ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ውሃ በጀሪካን ለሚቀዳበት ቦታ የሚስማማው እሱ ነው።

መብራቱን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አትርሱ። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ፣ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀት ላይ አቁሙና ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ያረፈበትን መስመር በጠመኔ አስምሩ። ጎማዎቹ የቆሙበትንም ቦታ ምልክት አድርጉ። መልሳችሁ ስትገጥሙ ብርሃኑ እዚያው መስመር ላይ ማረፍ አለበት። ምልክቱ ከጠፋባችሁ አጠቃላይ ልኩ ይህ ነው፦ የአጭር ብርሃን የላይኛው ጠርዝ በየ10 ሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በ5 ሜትር ላይ ከመብራቱ መሐል ከፍታ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ብሎ የተገጠመ መብራት ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል።

ማድረቅ

አምፖሎቹንና ክዳኑን አውጡ። የሃሎጂን አምፖልን መስታወት በባዶ እጅ አትንኩት፤ የጣት ቅባት ሲሞቅ አንድ ቦታ ላይ ሙቀት ያከማችና አምፖሉን ያፈነዳዋል። በጨርቅ ወይም በሶፍት ያዙት።

የተጠራቀመ ውሃ ካለ መብራቱን ገልብጣችሁ በኋላው ቀዳዳ አፍስሱት። ከዚያ ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። በመጋቢትና በሚያዝያ የካርቱም አየር እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ግማሽ ቀን ይበቃል፣ ሌላ ማድረቂያ አያስፈልግም። በኸሪፍ ጊዜ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አንድ ሙሉ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። መልሳችሁ የምትዘጉት ከሰዓት በኋላ፣ አየሩ ይበልጥ በሚደርቅበት ሰዓት ይሁን። በማለዳ ከዘጋችሁት የማለዳውን እርጥበት አብራችሁ ትዘጉበታላችሁ።

የፀጉር ማድረቂያ ካላችሁ ከአንድ ክንድ ያህል ርቀት፣ እያንቀሳቀሳችሁ፣ በኋላው ቀዳዳ አስገቡት። አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

ውስጡ ጭቃ ከቀረስ? በኸሪፍ የጥቁር ዓባይ ውሃ ደለል የተሸከመ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ገብቶ ከደረቀ የሸክላ ጠባሳ ይተዋል። ያኔ ንጹሕ ውሃ ጨምሮ ማለቅለቅ ይቻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ለባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው። ጠርሙሱን አንብቡ፤ አጠገቡ የሚሸጠው የባትሪ አሲድ እንዳይሆን! ብርማውን ንጣፍ ግን በምንም ጨርቅ አትጥረጉት። በጣም ስስ የአሉሚኒየም ቅብ ስለሆነ አንድ ጊዜ ቢጠረግ ይላጣል፤ ያ ብርሃን ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

መለጠፍ

የደረቀ የጎማ ክዳን ከሆነ ያለው ጉዳት፣ አዲስ መግዛት ከሁሉ የተሻለ ነው። ካልተገኘ ከተበላሸ መብራት ላይ የተነቀለ ክዳን ፈልጉ፤ አሮጌ መኪና የሚፈታባቸው ቦታዎች ላይ አይጠፋም። ልኩ ትክክል ይሁን እንጂ ከሌላ ሞዴል የመጣ መሆኑ ችግር የለውም።

የመጋጠሚያ ስንጥቅ ከሆነ ቦታውን በጨርቅና በትንሽ አልኮል አጽዱ፣ ይድረቅ። ሲልከኑን በቀጭኑ እንደ ክር እየሳባችሁ ስንጥቁ ውስጥ አስገቡት፣ ከዚያ በሳሙና ውሃ በረጠበ ጣት አለስልሱት። ከላይ መከመር ጥቅም የለውም። ዋናው ወደ ውስጥ መግባቱ ነው።

ሲልከን የሚጠነክረው ከአየር ላይ እርጥበት እየወሰደ ነው። ስለዚህ በደረቅ በጋ ይዘገያል። ቱቦው ላይ 24 ሰዓት ቢል እንኳ በሚያዝያ ወር አንድ ተጨማሪ ቀን ስጡት። በሚጠነክርበት ጊዜ የኋላውን ክዳን ክፍት ተዉት፤ የሚወጣው ተን ወደ ውጭ ይውጣ።

አሁን ደግሞ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ መተንፈሻውን አትድፈኑት። «ሁሉንም ቀዳዳ በሲልከን ድርግም አድርጌ ዘጋሁት» የሚል ባለሙያ ሥራው ለአንድ ሳምንት ያማረ ይመስላል። መብራቱ ግን መተንፈሻ ስላጣ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር አዲሱን ሲልከን ይገፋዋል፣ ይስበዋል፣ በመጨረሻም ይልጠዋል። ያኔ ውሃው ይገባል፣ መውጫ ግን አያገኝም።

ሥራውን መፈተሽ

ከመግጠማችሁ በፊት ደረቅ ሶፍት በመብራቱ ውስጥ በታችኛው ክፍል አስቀምጡ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ከዚያ በመጋጠሚያው ዙሪያ ቀስ እያላችሁ ውሃ አፍስሱ። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ሂዱ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ በየት እንደገባ አታውቁም። አምስት ደቂቃ ያህል አፍስሱና ሶፍቱን አውጡ። ደረቅ ከሆነ ጨርሳችኋል። ሶፍቱን ውስጥ እንዳትረሱት፤ አምፖሉ ሲሞቅ ሊቃጠል ይችላል።

እርጥበት የምትመጠዋን ከረጢት ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ከአምፖሉ ርቃ፣ በማትንቀሳቀስበት ቦታ ከተጣበቀች ለጊዜው ትረዳለች። ግን ከጠገበች በኋላ ጥቅም የላትም። ፍሳሽን አትተካም።

የኋላ መብራት፣ ፍሬቻና ራክሻ

የኋላ መብራት ላይ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚገባው መብራቱ ከመኪናው አካል ጋር በሚገናኝበት የስፖንጅ ወይም የጎማ ጎሚኒ በኩል ነው። መብራቱን የያዙት ብሎኖች በእኩል ካልጠበቁ አንዱ ጎን ክፍት ይቀራል። ብሎኖቹን በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ፤ አንዱን ጨርሶ ማጥበቅ ፕላስቲኩን ይሰብራል። የኋላ መብራት ፍሳሽ ጣጣው ሁለት ነው፤ አምፖሉን ያቃጥላል፣ ውሃውም በሽቦው ተከትሎ ወደ ዕቃ መጫኛው ይወርዳል። የፍሬን መብራት እየሠራ መሆኑን ሹፌሩ ተቀምጦ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ሰው ከኋላ አቁማችሁ ፈትሹ።

ከፊት ታች የሚገጠም የጉም መብራት ለጎማ ጭቃ በጣም ቅርብ ነው። ከኸሪፍ በፊት ጎሚኒውን ማየት ያዋጣል።

ራክሻ ወይም ባጃጅ ላይ ሥራው ይቀላል። መብራቱ ትንሽ ነው፣ በጥቂት ብሎን ይፈታል። የፊት ጎማው የሚረጨው ውሃና የመንገዱ መንቀጥቀጥ ጎሚኒውን ቶሎ ያላሉታል። በየኸሪፉ መጀመሪያ መፍታት፣ ማጽዳት፣ ጎሚኒውን መፈተሽ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሌሊት ለሚሠራ ሹፌር ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

የማይደረጉ ነገሮች

– «ውሃው ይውጣ» ብላችሁ ከታች በድሪል አትብሱ። በቀዳዳው ውሃ ከሚወጣው አቧራና ጭቃ የሚገባው ይበልጣል።
– ጨው አታስገቡ። እርጥበት ይስባል፤ ግን ብረቱን ሁሉ ያዝጋል።
– ሩዝ አትተማመኑበት። የሚመጠው ጥቂት ነው፣ ዱቄቱም ውስጥ ይቀራል።
– የሞቀ መብራት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ። ላቫጆ የምትሠሩ ወገኖች፣ መኪናው እንደመጣ ከፊት መብራቱ አትጀምሩ፤ ጎማውንና ጎኑን እያጠባችሁ ይቀዝቅዝ። የግፊት ውሃውንም በመጋጠሚያው ላይ በቅርብ አታነጣጥሩ።
– ሽፋኑን ለመላቀቅ በእሳት ወይም በፈላ ውሃ አትሞክሩ። ሽፋኑን ከቤቱ መክፈት የሚቻለው ማጣበቂያው በልኩ ሲሞቅ ለስልሶ የሚለቅ ዓይነት ከሆነ ነው። በጠንካራ ሙጫ የተያዘ ከሆነ ከመላቀቁ በፊት ይሰበራል።

ራሳችሁ የማትነኩት መብራት

ዜኖን የሚባለው ነጭ ሰማያዊ ብርሃን ያለው መብራት ሲነሣ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ያመነጫል። እርጥበት ገብቶበት በእጅ መነካካት አደገኛ ነው። ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡት። እንዲሁም ከፋብሪካው ኤልኢዲ ሆኖ የተሠራ፣ አምፖል የማይቀየርለት መብራት ውስጥ ሰሌዳው ላይ ውሃ ከደረሰ፣ ማድረቅ ብቻውን አይመልሰውም።

በጎርፍ የሰመጠ መኪናም ከዚህ ጥገና በላይ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. መስከረም መጀመሪያ ዓባይ ከ1946 እና ከ1988 ከፍታው አልፎ ሞልቶ፣ ሱዳን ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዳወጀች ታስታውሱ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጎርፍ ውስጥ የቆየ መኪና መብራቱ ሲደርቅ ቢሠራም የሽቦ መያዣዎቹ ውስጥ የገባው ደለል ቆይቶ ይበላቸዋል። መብራቱን ከመዝጋታችሁ በፊት እያንዳንዱን የሽቦ መያዣ ነቅላችሁ እዩ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለ መጀመሪያ እሱ ይጽዳ።

ለሥራ ለምታስቡት

ይህ ሙያ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። ካቻቢቴ፣ መፍቻ፣ ሲልከንና ትዕግሥት ነው። ነገር ግን የሰው ንብረት ነውና ሦስት ነገር ጠብቁ። መብራቱን ከመንካታችሁ በፊት ያለበትን ሁኔታ ለባለቤቱ አሳዩት፤ ስንጥቁ ከእናንተ በፊት የነበረ መሆኑን ይይ። ከተቻለ በስልክ ፎቶ አንሡ። ብርማው ከተላጠ ደግሞ ማድረቅ ብርሃኑን እንደማይመልሰው ሳትደብቁ ንገሩት። ገንዘብ ከተቀበላችሁ በኋላ «አልሠራም» ከምትባሉ፣ መጀመሪያ እውነቱን ብትነግሩ ደንበኛው ሌላ ሰው ይዞላችሁ ይመጣል። በስደት አገር ላይ ከገንዘቡ የበለጠ የሚጠቅመው ስም ነው።

ለራሳችሁ መኪና ደግሞ ከኸሪፍ በፊት፣ በሰኔ ወር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መድቡለት። ክዳኑን ተጫኑት፣ መተንፈሻውን አጽዱት፣ መጋጠሚያውን በእጅ ባትሪ እዩት። በደረቅ ጊዜ የተደረገ የአንድ ሰዓት ፍተሻ፣ በዝናብ ሌሊት ገዳሪፍ መንገድ ላይ ሲሆን ዋጋው ይታወቃል። መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።